ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ሥዕል

ጥቅምት 9

ለሚጣ፣

ደብዳቤሽም የዐውደ ርእይሽ መጽሔትም ደርሰውኛል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ለጠየቅሽው፣ ደረጃ ስወጣ ይነጫነጫል፣ ስወርድ ዝም ይላል። አንቺ ደህና ከሆንሽ ጥሩ ነው። እንኳን ደስ ያለሽም እላለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን እንኳን ደስ ያለሽ ይባላልና።

መጽሔቱን ማን ያነብልሻል ላልሽው፣ ማንም። ነርሷ ጎረቤቴ እንደ ድሮው መነጽሯን አድርጋ እጇን ዘርግታ ነበር። "አርፈሽ ተቀመጪ፣ ዛሬ አድማጭ ነሽ" አልኳት። ሆስፒታሉ እኛን ልብስ አጣቢዎቹን ፊደል ማስቆጠር ከጀመረ ወዲህ የሰው አፍ መለመን ትቻለሁ። እሷ ግን አላረፈችም። በትከሻዬ በኩል እያየች "ይቺን ዘለልሻት" ትለኛለች። "አልዘለልኳትም፣ አልወደድኳትም" እላታለሁ።

ከሽፋን እስከ ሽፋን አነበብኩት። ስምሽ ሽፋኑ ላይ አለ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ። በየሥዕሉ ሥር አለ። የኔን ፈለግሁ። ምናልባት መጨረሻ ላይ፣ ማተሚያ ቤቱን ከምታመሰግኚበት ቦታ ይሆናል ብዬ እዚያም አየሁ። ያገኘሁት "ሥዕሎቹ በተለያዩ እጆች የተሠሩ ናቸው" የሚል ነው። ነርሷ ብድግ ብላ "በይ እስቲ ከተለያዩት እጆች አንዱን ልጨብጠው" አለችኝ። ቀልዷ ነው።

ስሙ ይቆየን። የጻፍኩልሽ በሌላ ነገር ነው።

መካከል ላይ፣ ሁለቱን ገጽ ይዞ የወጣው ሥዕል፣ ያ አየር ላይ የተንሳፈፈው አልጋ፣ እሱ የኔ ነው። ማለት የኔ አይደለም። አምና የላክሽልኝን ጥቅል ሸራ ታስታውሺያለሽ። ያን ጊዜ ገና ማንበብ ስለማልችል ትእዛዝሽን ያነበበችልኝ ነርሷ ናት፤ ዛሬም በቃሌ ነው። "አሁን በሕይወት የሌለ ሰው ይኖርበት የነበረውን ክፍል ከትዝታሽ ሣዪ። በእርሳስ አትንደፊ። ያበላሸሽውን አትደልዢ። ክፍሉ ባዶ ይሁን።" እኔም የእናታችንን ክፍል ጀመርኩ። የአልጋውን እግሮች ሳልሠራ ወለሉን ቀብቼ ጨረስኩት። ደልዞ መመለስ ክልክል ነው፤ ስለዚህ አልጋው እግር አልባ ሆኖ ቀረ። ተናደድኩ። ሌላ ሸራ ላኪልኝ ማለትም አልወደድኩም። ገለበጥኩትና በጀርባው እንደገና ጀመርኩ። እሱን ጨረስኩት። የኔ ሥዕል እሱ ነው።

እንዳይምታታባችሁ ብዬ ደግሞ በጨረስኩት በኩል ጥጉ ላይ ቀይ ክር ሰፍቼበታለሁ። በእኛ ማጠቢያ ክፍል የአንሶላው ፊት የሚለየው በዚህ ነው፤ ቀዩን ክር ያየ ሰው የቱ ወደ ላይ እንደሚሆን አይጠይቅም።

እናንተ ግን የተበላሸውን ሰቀላችሁት። መጽሔቱም አልጋው የተንሳፈፈው "የሐዘንን ክብደት አልባነት ለማሳየት" ነው ይላል። እኔ የማውቀው የወለሉን ቀለም አስቀድሜ መቀባቴን ነው።

ሠራተኞቹ ተሳስተው ነው አይደል? አስገልብጪው።

እትዬሽ

*

ጥቅምት 24

እትዬ፣

መልሱ ስለዘገየብሽ በጣም ይቅርታ። ዐውደ ርእዩ ከተከፈተ ወዲህ ቤቴን የማየው ልብስ ልቀይር ስገባ ብቻ ነው። ደብዳቤሽን በገዛ እጅሽ ጽፈሽ ሳይ አለቀስኩ። ፊደሎችሽ እንዴት ያምራሉ! እያንዳንዳቸው ቀጥ ብለው፣ ማንም ላይ ሳይደገፉ የቆሙ። የኔን ጽሕፈት ታውቂዋለሽ፤ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደሚሮጥ ሰው ነው።

ስለ ሥዕሉ ልንገርሽ። ጥቅሎቹን ፈትተው የሰቀሏቸው ሠራተኞቹ ናቸው። የስምንታችሁንም ባንድ ጊዜ ነው የፈቱት፤ ቀይ ክሩን እንኳን እነሱ እኔም የክር ጭራ ነው ባልኩ ነበር። እኔ ስደርስ ግድግዳው ላይ ነበር። ተቆጭቻለሁ። ግን ደግሞ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚቆመው እሱ ፊት ነው። አንዲት ሴት ለረጅም ጊዜ ቆማ አይታው፣ ስትወጣ ባሏ ከሞተ ወዲህ አልጋው እንዲህ ሆኖ እንደሚታያት ነገረችኝ። ይህን ልትሰሚው ይገባል ብዬ ነው።

የስሙን ነገር "ይቆየን" ብለሽ አልፈሽዋል። አንቺ ይቆየን ካልሽ ነገሩ ከባድ ነው፤ ስለዚህ እኔ ላንሣው። ይህ ዓይነት ሥራ ከለመድነው ሥዕል ይለያል። ሥራው ሐሳቡ ነው። አርክቴክት የነደፈው ቤት በር ላይ ጡብ የደረደረው ሰው ስም አይጻፍም፤ ጡብ የደረደረው ሰው ተናቆ አይደለም፣ ቤቱ የተፈጠረው ከመሠረቱ በፊት፣ ወረቀት ላይ ስለሆነ ነው። እኔም የፈጠርኩት ትእዛዙን ነው። ትእዛዙን የሚፈጽመው እጅ የማንም ሊሆን ይችላል፤ ቁም ነገሩም እዚያ ላይ ነው። እንዳንቺ በትእዛዜ የሣሉት ሌሎቹ ሰባት ሴቶች ይህን ተስማምተውበታል።

አሁን ደስ የሚል ወሬ። አንድ ትልቅ ሙዚየም ያንቺን፣ ማለቴ አልጋውን፣ ለቋሚ ስብስቡ ሊወስደው ይፈልጋል። ሌሎቹ ሰባቱም አብረው ይሄዳሉ፤ የፈለጉት ግን እሱን ነው። በዚህ ዕድሜዬ ይህን አያለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ልብሽ ደስ ይበለው፣ የሁለታችንም ነው።

ሹራብ ልኬልሻለሁ። ማጠቢያ ክፍላችሁ እርጥበት አለው ብለሽ ነበር።

ጉልበትሽን ተጠንቀቂ።

ሚጣሽ

*

ኅዳር 3

ሚጣ፣

ሹራቡ ደርሶኛል። እጅጌው ያጥራል። እጁ የማንም ሊሆን ይችላል ብለሽ ነው መሰለኝ የገዛሽው።

መጽሔቱን ሥራ ቦታ ይዤው ሄጄ ነበር። ሴቶቹ አንሶላ እያጠፉ ተቀባበሉት። አለቃችን ወፍራም ሴት ናት፣ ድምፅዋ ከማሽኖቹ በላይ ነው። "ይኼ ያንቺ ነው?" አለችኝ።

"የኔ ነው።"

"ታዲያ ስምሽ የታለ?"

"ሐሳቡ የእህቴ ነው። እኔ እጅ ነኝ።"

"እንዲያ ከሆነማ" አለች፣ "አጥቡ ብዬ የማዝዘው እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ሁሉ አንሶላ ያጠብኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። እናንተ ሂዱና ተኙ።"

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቁ የት እንደገባ አላውቅም።

የሁለታችንም ነው ትያለሽ። ሚጣ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የሁለታችንም የሆነው ነገር ሁሉ ያለው አንቺ ጋ ነው። እናታችን አንድ ጫማ መግዛት ስትችል ላንቺ ገዛች፤ ትምህርት ቤት የምትሄጂው አንቺ ነበርሽና። እኔን ጠርታ "አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ትችይዋለሽ" አለችኝ። ጎበዝ የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያን ቀን ነው የገባኝ። በደብተርሽ ቀናሁ። ጠዋት ጠዋት በርሽን ዘግተሽ ስትወጪ በጀርባሽ ቀናሁ። ስትመረቂ ቀናሁ፣ ስታገቢ ቀናሁ፣ ስትፋቺ እንኳን ቀናሁ፤ የሚፈታ ነገር ነበረሽ። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ማዘንሽን አውቀዋለሁ፣ በሹራብ ነው የሚመጣው።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም ያልነገርኩትን። ያን ሥዕል ስሠራ በማንም አልቀናሁም። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ሸራው ፊት እቆም ነበር። እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረኝ የለም፤ ብሩሹን እንደ መጥረጊያ ነበር የያዝኩት። ቡናማው ከግራጫው ጋር ገብቶ የክፍሉ ጥላ ሲሆን ሳይ፣ ሰው እንዳይሰማኝ አፌን ይዤ ነበር የሳቅሁት። በዚያ ሰዓት ጎረቤት ጠራኝ፣ ስልክ ጮኸ፣ ድስቱ አረረ፣ እኔ የለሁም። የትም ሄጄ ያልሄድኩትን ያህል ሄጄ ነበር። እንግዲህ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ እዚያ ነበርሽ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ብዬ ሳስብም አልቀናሁም፤ ይግባሽ።

አሁን ያ ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ሰው የሚያየው የተቆጣሁበትን ነው።

ስለ አርክቴክቱ ብዙ ብለሻል። እሺ፣ ጡብ ደርዳሪው ዝም ይበል። ቤቱ ተገልብጦ ጣሪያው መሬት ላይ ሲቆም ግን አርክቴክቱስ ዝም ይላል?

ሙዚየሙ ሳይወስደው ገልብጪው። ስሜንም ጻፊበት። ይቆየን ያልኩት ነገር ቆይቶ አበቃ።

እትዬሽ

*

ኅዳር 15

እትዬ፣

ሹራቡ ስላነሰሽ ይቅርታ። ልኩን በትዝታ ነው የገዛሁት።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ምን ብዬ እንደምመልስልሽ ሳስብ ነበር። ስለ ጫማው አንድ ነገር ልበልሽ። ጠቦኝ ነበር። ተረከዜ እየደማ ነበር የምሄደው። ለእናታችን አልነገርኳትም፤ አንቺ ያን ያለቀ ሸበጥሽን አድርገሽ እያየሽኝ፣ ጠበበኝ ብዬ አፌን እንዴት እከፍታለሁ? ይህ ምንም እንደማይለውጥ አውቃለሁ። ብቻ ዝም ብዬ ደስ ብሎኝ የኖርኩ እንዳይመስልሽ።

የአለቃሽ ቀልድ ደርሶኛል። እኔም ስቄያለሁ፣ በውነት። ግን ከሷ ጋር እንዴት ተከራክሬ አሸንፋለሁ?

አሁን የማልወደውን ልንገርሽ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ይሻላል። የሙዚየሙ የጥገና ባለሙያ ሸራውን አይቶት ነበር። ጨርቁ ስስ ነው፤ ተጠቅልሎ በመጣበት ቦታ ላይ ቀለሙ መሰንጠቅ ጀምሯል። እንዳይበላሽ ጣውላ ላይ በሙጫ ይለጥፉታል። ይህን የሚያደርጉት በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ከተለጠፈ በኋላ ጀርባው አይታይም። አይነሣምም።

ይህን ከማወቄ በፊት እንኳን መገልበጡ የማይሆን ነገር ነበር። እባክሽ እኔም በምቆምበት ቦታ ቆመሽ እይው። የሥራው ስም "ባዶ ክፍሎች" ነው። ስምንት ክፍሎች፣ ስምንቱም ባዶ። ባዶ ይሁን ብዬ በግልጽ አዝዤ እያለ አንቺ ሰው አስቀመጥሽበት። እሱን ብሰቅለው ሰው የሚያየው እሱን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሰባቱ ምን ለማለት እንደተሠሩ ይጠፋል። ሰባት ሴቶች ደክመውበታል። እነሱንም ማሰብ አለብኝ።

ስምሽን ብጽፍ የሰባቱንም መጻፍ አለብኝ፤ የሰባቱን ስጽፍ ደግሞ ሥራው ሌላ ሥራ ይሆናል። ሃያ ዓመት ሙሉ የተናገርኩትን በአንድ ወረቀት መሻር ነው።

አትቆጪኝ። ብትቆጪም ጻፊልኝ።

ሚጣሽ

*

ኅዳር 21

ሚጣ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው የሙጫውን ነገር ብቻ ነው ያየሁት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጭጋግ ሆነብኝ። በሁለተኛው ግን አንድ ቦታ ላይ ጣቴ ቆመ።

"ሰው አስቀመጥሽበት" ትያለሽ።

ማን ነገረሽ? እኔ አልነገርኩሽም። የጻፍኩልሽ ነገር ገለበጥኩት፣ በጀርባው ጀመርኩ፣ ጨረስኩ የሚል ነው። ሰው ሣልኩ አላልኩም። ነርሷም ልትነግርሽ አትችልም፤ ስሥል እሷን እንኳን አላስገባትም ነበር፣ በሩ ላይ ቆማ "ምን ደብቀሽ ነው፣ ወንድ ነው?" ትለኝ ነበር። ጠቅልዬ፣ ሰፍቼ ነው የላክሁት። አንቺ ደግሞ ስደርስ ግድግዳው ላይ ነበር አልሽኝ። ታዲያ በግድግዳው ውስጥ አሾልከሽ ነው ያየሽው?

አየሻት እንግዲህ።

ባዶ ይሁን ማለትሽን አልረሳሁም። ልታዘዝሽ ሞክሬያለሁ። በጀርባውም መጀመሪያ አልጋውን ሠራሁ፣ የተጣጠፈውን ብርድ ልብስ ሠራሁ፣ መስኮቱን ሠራሁ፣ ከዚያ ቆሜ አየሁት። የሰው ቤት መሰለኝ። ያን ክፍል ያለ እሷ አላውቀውም። ስገባም ስወጣም እዚያ ናት። ሳጥባት፣ ሳጎርሳት፣ ስንጣላ፣ እዚያ ናት። ባዶውን ክፍል የምታውቂው አንቺ ነሽ ሚጣ፤ የደረስሽው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

ስለዚህ አስቀመጥኳት። አዎ፣ ትእዛዝሽን ጣስኩ። በትእዛዝሽ የሠራሁት ያ እግር አልባ አልጋ ነው፤ ውሰጂው፣ ያንቺ ነው፣ ስምሽን በወርቅ ጻፊበት። ይኼኛውን ግን ማንም አላዘዘኝም። ሐሳቡም እጁም የኔ ነው። አርክቴክት የለበትም።

አሁን አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ስለ ሥነ ጥበብ አታስተምሪኝ፣ ስለ ሰባቱ ሴቶችም አትንገሪኝ። ሠራተኞቹ ናቸው ወይስ አንቺ ነሽ? እናትሽን ወደ ግድግዳ ያዞርሻት አንቺ ነሽ?

*

ኅዳር 29

እትዬ፣

እኔ ነኝ።

ጥቅሉ የደረሰኝ ከሁሉም በፊት ነበር። ሠራተኞች አልነበሩም። ሥራ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ ስፌትሽን በመቀስ ፈታሁት፣ ወለል ላይ ዘረጋሁት። ላይ የነበረው እሷ ያለችበት ነው።

ምን እንዳየሁ ልንገርሽ፤ ካየሽው ቆይቷልና። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ጸጉሯ አጭር ተቆርጧል፤ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። አንድ እግሯ ካልሲ አለው፣ ሌላው ባዶ ነው፣ ጣቶቹ ወለሉን ቆንጥጠው ይዘዋል። በአንድ እጇ ፍራሹን ጨብጣለች፣ ልትነሣ ይሁን ልትወድቅ አይታወቅም። ፊቷ ግን ቀና ብሏል። ዓይኖቿ የሚሥላትን ሰው ያያሉ። በዓለም ላይ የቀረ ሰው እሱ ብቻ እንደሆነ አድርገው ያያሉ። አንቺን ነው። እኔን አንድም ቀን እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ያደረግሁት ነገር ያሳፍረኛል፤ ግን ጠይቀሽኛል። ብሩሽ ፈልጌ አወጣሁ፤ ከነካሁት ብዙ ጊዜዬ ነው። ፊቷን ብቻ፣ ዓይኗን ብቻ፣ ካንቺ ላይ እያየሁ ልሠራው ሞከርኩ። ደጋግሜ ሞከርኩ። የሠራሁት ዓይን ነው፤ የሚያይ ግን አልሆነም።

ያን ጊዜ ብሩሽ ለምን እንደተውኩ ትዝ አለኝ። ስማር መምህሬ ሥዕሌን ለረጅም ጊዜ አይቶ "ሐሳብሽ ጥሩ ነው" አለኝ። ስለ እጄ ምንም አላለም። ቤቴ ሄጄ አለቀስኩ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እጅ ዋጋ የለውም ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ለራሴ፣ በኋላ ለተማሪዎቼ፣ በኋላ ለጋዜጣ። አሁን የምናገረውን አላምንበትም ማለቴ አይደለም። አምንበታለሁ። ግን ማመን የጀመርኩት በምን ምክንያት እንደሆነ አውቃለሁ።

ቀናሁብሽ እትዬ። በእጅሽ ቀናሁ፣ ከእሱ በላይ ደግሞ በዚያ ፊት ቀናሁ። የመጨረሻ ጊዜዋን አንቺ ወሰድሽው። በየደብዳቤሽ ውስጥ እኔ ሁሉን ወስጄ አንቺ ባዶ እጅሽን እንደቀረሽ ትጽፊልኛለሽ፣ እኔም እሺ ብዬ ሹራብ እገዛለሁ። እሷ ግን ማን ጋ እንደነበረች አንድ ቀን እንኳን አላነሣሽውም። ያን ሥዕል ስሰቅለው ሰው ሁሉ ሲያየው ታየኝ፦ እናቴ፣ የሌላ ሰው እናት ሆና። ገለበጥኩት። ሠራተኞቹ ሲመጡ "ፊቱ ይኼ ነው" ያልኳቸው እኔ ነኝ። ቀይ ክሩንም ቆርጬዋለሁ።

የሙዚየሙ ሰው "ጀርባው ላይ ቀለም ይታያል፣ ምንድን ነው?" ብሎኝ ነበር። "የተበላሸ ሙከራ ነው" አልኩት።

ትናንት ሄጄ ሙጫውን አስቁሜዋለሁ። ምክንያቱን አልነገርኩም። ታኅሣሥ እስኪያልቅ ድረስ ቃሌን ይጠብቃሉ። ከተገለበጠ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ክፍሎቹ ባዶ እንዳልሆኑ፣ እንደዋሸሁም። ስምንቱንም ሊመልሱት ይችላሉ። ይመልሱት። ቃሌ አንቺ ያልሽው ይሆናል። ይለጠፍ ካልሽ ይለጠፋል፣ ገልብጪው ካልሽ ስምሽን ጽፌ እገለብጠዋለሁ።

ምን እንደምትመርጪ አልገምትም። ልለምንሽም አልችልም።

ሚጣ

*

ታኅሣሥ 14

ሚጣ፣

መልሱን ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው፣ ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅሽም።

ደብዳቤሽን በሽርጤ ኪስ ይዤው ነበር የምዞረው። ማሽኖቹ እየዞሩ፣ እኔ እያወጣሁ "ቀናሁብሽ" የሚለውን አነባለሁ። አጣጥፌ እከተዋለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አለ ወይስ ጠፋ ብዬ አወጣዋለሁ። ነርሷ ደረጃው ላይ አግኝታኝ "ምን አግኝተሽ ነው፣ ፊትሽ በርቷል" አለችኝ።

"እህቴ ቀናችብኝ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ይደሰታሉ?"

"አንቺ እህት የለሽም፣ አይገባሽም" አልኳት።

መጀመሪያ የጻፍኩልሽ መልስ "ይለጠፍ" የሚል ነበር። ይለጠፍና ሙዚየም ውስጥ ስለ አልጋሽ በተናገርሽ ቁጥር ከጀርባው ማን እንዳለ ብቻሽን እያወቅሽ ኑሪ ልልሽ ነበር። ሥዕሌን ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ሊችለው አልቻለም፤ ከዚህ በላይ ምን ምስጋና አለ ብዬ ነበር። ፖስታውን አሽጌ ይዤው ወጣሁ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ።

አዝኜልሽ አይደለም። የቀናሽበት ነገር የኔ አለመሆኑን ስለማውቅ ነው።

ያ ክፍል ብርሃን የሚያገኘው ከበሩ ነበር፤ መስኮቱ የጎረቤት ግንብ ተጋርዶበት ነበር። ስለዚህ የተቀዳደደ ነገር ስጠግን በርጩማዬን ይዤ የምቀመጠው በሩ ሥር፣ ጀርባዬን ለደጁ ሰጥቼ ነው። እሷ ከሰዓት በኋላ ተነሥታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ያን ካልሲም ራሷ ናት የምታወልቀው፤ አንዱን አውልቃ ሌላውን ትረሳዋለች። ከደጅ የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር ፍራሹን ትጨብጥና ቀና ትላለች።

"መጣች?" ትለኛለች።

"ማን?" እላታለሁ፣ እያወቅሁ።

"ሚጣ።"

"እኔ አለሁ አይደል እንዴ?"

"አንቺማ አለሽ" ትለኛለች።

በየቀኑ ነው። ኮቴው ያልፋል፣ ፊቷም ይመለሳል፣ ከዚያ ሌላ ኮቴ ይመጣል። ያ አንቺ ያየሽው ፊት አንድም ቀን እኔ ላይ አርፎ አያውቅም። በትከሻዬ በኩል ወደ ደጁ ሲያልፍ፣ መርፌዬን እንደያዝኩ፣ ቀና ብዬ አይቼዋለሁ። የሣልኩት እሱን ነው። ስሥለው አላወቅሁም፤ ስጨርሰው ነው ወዴት እንደምታይ የገባኝ። ለዚህ ነው ማንንም ያላስገባሁት። በሕይወቴ አንድ ጥሩ ነገር በገዛ እጄ ሠራሁ፣ እሱም እናቴ አንቺን ስትጠብቅ ሆኖ ተገኘ።

ላልነግርሽ እችል ነበር። ማን ያውቃል? በሩ ሥዕሉ ላይ የለም። የሚያየው ሰው ሁሉ አንቺ እንዳልሽው ነው የሚለው። ሰው ሲቀናብኝ የመጀመሪያዬ ነው፣ ደስ ይላል፤ እውነት እልሻለሁ፣ አንቺ ስትኖሪበት የነበረው ነገር ይህ ከሆነ ቶሎ አለመልቀቅሽ አይገርመኝም። ግን በየቀኑ ያችን ደብዳቤ ሳወጣ "አንቺማ አለሽ" የሚለው ድምፅ አብሮ ይወጣል። ያልታየሁትን ታይቻለሁ ብዬ ልኖር አልችልም። አሁንም እንኳን ይህን ስጽፍ እየቀናሁብሽ ነው። የሌለሽበት ቤት ውስጥ ከኔ ይልቅ አንቺ ነበርሽ።

እንግዲህ አውቀሽዋል፤ ደስ ይበልሽ ወይም አልቅሺ፣ እሱ ያንቺ ነው።

ሥዕሉን ገልብጪው። ይመልሱት እንደሆነ ይመልሱት፣ ለሰባቱ ሴቶች እውነቱን ራስሽ ንገሪያቸው። ቀይ ክሩን በቆረጥሽበት ቦታ ላይ ሌላ አትስፊ፤ አሁን መጻፍ ስለምንችል አያስፈልግም። ስሜን ከነአባታችን ስም ጻፊው፤ ካንቺ ጋር አንድ ስለሆነ ሰው እህትማማቾች መሆናችንን ይወቅ። ማንን እያየች ነው ብለው ከጠየቁሽ አንቺን እንደሆነ ንገሪያቸው፣ አልከለክልሽም።

ስትጠብቅሽ ያየኋት ግን እኔ ነኝ።

እትዬሽ